ጂኦጀብራ ወይስ ዴስሞስ? ፓራቦላ ለሚማር ሰው የሁለት መተግበሪያዎች ግምገማ

ፓራቦላ ላይ ተማሪን የሚጥለው ሥዕሉ አይደለም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የሚሄድበትን መንገድና ጣራ ላይ የተተከለን ዲሽ ያላየ የለም። ፈተና ላይ የሚጥለው እኩልታው ነው። አንድ መስመር ቁጥርና ፊደል ተሰጥቶት አናቱ (ኩርባው የሚታጠፍበት ጫፍ) የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚከፈት፣ ፎከስ የሚባለው ነጥብ ከአናቱ ስንት እንደሚርቅ መናገር ሲያቅተው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ እዚህ ጂኦጀብራና ዴስሞስ የተመዘኑት ፓራቦላ አሳምረው በመሳላቸው አይደለም፤ መሳሉን ሁለቱም ያውቁበታል። የተመዘኑት እኩልታውን ማንበብ ያስተምራሉ ወይ በሚለው ነው።

ብይኑን ከወዲሁ ለሚፈልግ፦ ፓራቦላ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጂኦጀብራ፣ እኩልታው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደሚሠራ ለማየት ዴስሞስ፣ የተበተነውን እኩልታ ሰብስቦ ወደ ስታንዳርድ ፎርም፣ ማለትም አናቱ በቀጥታ ወደሚነበብበት መልክ፣ ለማምጣት ደግሞ እርሳስና ወረቀት። ሦስተኛውን ሥራ ከሁለቱ አንዱም አያስተምርም።

ሁለቱም ለተማሪ ነጻ ናቸው። ስልክ ላይ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጂኦጀብራን ማርከስ ሆሄንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስትሪያ ውስጥ በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ጀመረው፤ ስሙም ከጂኦሜትሪና ከአልጀብራ የተገጣጠመ ነው። ዴስሞስን ኢላይ ሉበሮፍ እ.ኤ.አ. በ2011 አቋቋመው። አጠቃቀማቸው ላይ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ደግሞ ይህ ነው፦ ጂኦጀብራ ነጥብና መስመር ይዞ ይነሣል፣ ዴስሞስ ደግሞ እኩልታ የሚጻፍበትን ሳጥን ከፍቶ ይጠብቃል።

ከጂኦጀብራ እንጀምር። የምትጭኑት ካልኩሌተር ስዊት የሚባለውን ይሁን፤ ግራፉ፣ ጂኦሜትሪውና አልጀብራ የሚሠራው ካስ የሚባለው ክፍል አንድ ላይ አሉበት። ፓራቦላ ማለት ከአንድ ነጥብ እና ከአንድ ቀጥ ያለ መስመር እኩል የሚርቁ ነጥቦች ስብስብ ነው፤ ነጥቡ ፎከስ፣ መስመሩ ዳይሬክትሪክስ ይባላል። ይህን ትርጉም በቃል የያዘ ብዙ ነው፣ በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። ማያው እንዲህ ነው። ዋይ = −1 የሚል መስመር አስገቡ፣ ከዚያ (0, 1) ላይ ነጥብ አድርጉና ፎከስ በሉት። መስመሩ ላይ አንድ ነጥብ አስቀምጡ። በዚያ ነጥብ የሚያልፍና ለዳይሬክትሪክሱ ቀጤ ነክ የሆነ መስመር አቁሙ። ቀጥሎ በነጥቡና በፎከሱ መካከል ፐርፔንዲኩላር ባይሴክተር፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኘውን መስመር ልክ መሀሉ ላይ በቀጤ ነክ የሚቆርጠውን መስመር፣ ሳሉ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ የፓራቦላው ነጥብ ነው። ታች ያለውን ነጥብ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ስትጎትቱት ላይኛው ፓራቦላውን እየተከተለ ይሄዳል።

ለምን ይሠራል? ባይሴክተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከታችኛው ነጥብና ከፎከሱ እኩል ስለሚርቅ ነው። ቁጥር አስገብታችሁ አረጋግጡ፦ የታችኛው ነጥብ ኤክሱ 4 ሲሆን ላይኛው (4, 4) ላይ ይቆማል። ከፎከሱ ያለው ርቀት የ16 እና የ9 ድምር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 5 ነው። ከዳይሬክትሪክሱ ያለው ርቀትም ከ4 እስከ −1፣ ያው 5። የታችኛው ነጥብ ልክ ከፎከሱ ሥር ሲገባ ደግሞ ላይኛው (0, 0) ላይ ያርፋል። አናቱ ሁልጊዜ በፎከሱና በዳይሬክትሪክሱ መሀል ለመሀል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መጽሐፉ ፒ የሚለውም ከአናቱ እስከ ፎከሱ ያለውን ርቀት ነው።

ተማሪው ኤክስ² = 4ፒዋይ በሚለው ቀመር «4ፒ» ውስጥ ያለው 4 ከየት መጣ ብሎ የማይጠይቀው ትርጉሙን ዘሎ ቀመሩን ስለሚሸመድድ ነው። ፎከሱን (0, ፒ) ላይ፣ ዳይሬክትሪክሱን ዋይ = −ፒ ላይ አድርጉና የሁለቱን ርቀቶች ስኩዌር እኩል አድርጉ፦ ኤክስ² + (ዋይ − ፒ)² = (ዋይ + ፒ)²። ሲበተን ዋይ² እና ፒ² ከሁለቱም ወገን ይጠፋሉ። በግራ −2ፒዋይ፣ በቀኝ +2ፒዋይ ይቀራል፤ ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰቡ ኤክስ² = 4ፒዋይ። 4ቱ የሁለት 2ዎች ድምር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እዚህ ግንባታ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ የታችኛው ነጥብ መስመሩ ላይ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ዓይን አይለየውም፣ ስትጎትቱት ግን መስመሩን ለቆ ይወጣል፤ ያኔ የሚሣለው ነገር ፓራቦላ አይሆንም። ሁሉንም ከመገንባታችሁ በፊት ነጥቡን አንዴ ጎትታችሁ ሞክሩት። ሁለተኛው ትሬስ የሚባለው ዱካ ነው፤ ገጹን ስታሳድጉት ወይም ስታንቀሳቅሱት ይጠፋል። ሎከስ የሚባለውን መሣሪያ ብትጠቀሙ ይሻላል፦ መጀመሪያ ላይኛውን፣ ቀጥሎ ታችኛውን ነጥብ ትነካላችሁ፣ ኩርባው ሙሉውን ይመጣል፣ አይጠፋምም።

አቋራጭም አለ። ኮኒክስ ከሚባለው የመሣሪያ ክፍል ፓራቦላን መርጦ ፎከሱንና መስመሩን መንካት ይበቃል። ግን በአቋራጩ የጀመረ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ አላየም። ግንባታው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ አንዴ በእጃችሁ ሥሩት።

አሁን ወደ ጂኦጀብራ ወጥመድ እንምጣ፤ ብዙ ሰው መልሱን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ፓራሜትር የሚባል ትዕዛዝ አለው። ስሙን ያየ ሰው ፒን የሚሰጠው ይመስለዋል። የሚሰጠው ግን ከዳይሬክትሪክሱ እስከ ፎከሱ ያለውን ርቀት፣ ማለትም የመጽሐፉን ፒ እጥፍ ነው። ለምሳሌ ዋይ = ኤክስ² − 3ኤክስ + 5 ብትሰጡት 0.5 ይመልሳል፤ ትክክለኛው ፒ ግን 0.25 ነው። ስህተት አይደለም፣ የሌላ አገር የመማሪያ ልማድ ነው፤ ለሁለት ማካፈልን ብቻ አትርሱ። ሌላው፣ ፎከስ፣ ዳይሬክትሪክስና ቨርቴክስ (አናት) የሚባሉት ትዕዛዞች የሚፈልጉት እኩልታ ነው። ያንኑ ነገር «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» ብላችሁ በፈንክሽን መልክ ከጻፋችሁት ለጂኦጀብራ ዓይነቱ ሌላ ነው። ትዕዛዙ አልቀበልም ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ዴስሞስ ለዚህ ሁሉ ግድ የለውም። ፎከስ ፈልግልኝ የሚባልበት ትዕዛዝ የለውም፤ የሚችለው አንድ ነገር ነው፣ እሱን ግን ከማንም በላይ ይችላል። (ዋይ − ኬ)² = 4ፒ(ኤክስ − ኤች) ብላችሁ ጻፉ፤ አናቱ (ኤች, ኬ) ነው። ኤች፣ ኬ እና ፒ ያልታወቁ መሆናቸውን አይቶ ስላይደር (ቁጥሩን በጣት እየጎተቱ የሚቀይሩበት ተንሸራታች) ልጨምር ወይ ይላችኋል፣ ሁሉንም በሉት። ስላይደሮቹ ከ−10 እስከ 10 ይመጣሉ። ያ በጣም ሰፊ ነው፤ ፒን ከ−3 እስከ 3 በ0.5 እርምጃ፣ ኤችና ኬን ከ−5 እስከ 5 በ1 እርምጃ አጥብቡት። ቀጥሎ በሌላ መስመር (ኤች + ፒ, ኬ) ብላችሁ ፎከሱን፣ በሌላ መስመር ኤክስ = ኤች − ፒ ብላችሁ ዳይሬክትሪክሱን ጻፉ። (ኤች + ፒ, ኬ + 2ፒ) እና (ኤች + ፒ, ኬ − 2ፒ) የሚሉትን ነጥቦችም ጨምሩ፤ እነሱ የላተስ ሬክተም፣ ማለትም በፎከሱ አልፎ ከዳይሬክትሪክሱ ትይዩ ፓራቦላውን የሚያቋርጠው መስመር፣ ጫፎች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርዝመትም የ4ፒ ምልክት የሌለው ዋጋ ነው። አሁን አንዱን ስላይደር ስትነኩ ሁሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ፒን ከ3 ወደ 0.5 አምጡት። ፎከሱ ወደ አናቱ ይጠጋል፣ ፓራቦላውም ይጠባል። ወደ −0.5 ስትሻገሩ ኩርባው ፊቱን አዙሮ ወደ ግራ ይከፈታል፣ ዳይሬክትሪክሱ ደግሞ ወደ ቀኝ ይዘላል። መሀል ላይ ፒ 0 ሲሆን እኩልታው የፓራቦላ መሆኑ ያበቃል፤ እዚያች ላይ ስክሪኑ የሚያሳያችሁን ወይም የማያሳያችሁን ነገር ከቁም ነገር አትቁጠሩት።

አጠቃቀሙ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ስላይደር ሲጎትቱ መዋል ፊልም እንደማየት ነው፤ ደስ ይላል፣ ትምህርት ግን አይደለም። የሚጠቅመው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ገምቶ ቀጥሎ ማየት ነው። (ዋይ + 2)² = −4(ኤክስ − 3) ሲሰጣችሁ ስልኩን ሳትነኩ አናቱ (3, −2)፣ ፒ −1፣ ወደ ግራ የሚከፈት፣ ፎከሱ (2, −2)፣ ዳይሬክትሪክሱ ኤክስ = 4 ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ክፈቱት። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ኬን 2 ማለት ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው ምልክት «ሲቀነስ» መሆኑንና ዋይ + 2 ማለት ዋይ − (−2) መሆኑን ስላይደሩ ራሱ ያስተምራል፦ ኬን −2 ላይ ስታደርጉት ኩርባው ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ስህተት የቱ ፊደል ስኩዌር እንደሆነ አለማየት ነው። ስኩዌሩ ያለው ኤክስ ላይ ከሆነ ፓራቦላው ቆሟል፣ ዋይ ላይ ከሆነ ተጋድሟል፤ ሌላ ምንም ከማስላታችሁ በፊት የሚታየው ይህ ነው። ሦስተኛው ኤን (ስኩዌሩ ፊት ያለውን ቁጥር) እና ፒን ማምታታት ነው። ዋይ = 2ኤክስ² ላይ ፒ 2 አይደለም፤ ኤ የ4ፒ ግልባጭ ስለሆነ 4ፒ ግማሽ ነው፣ ፒ ደግሞ አንድ ስምንተኛ። ኤ ሲያድግ ፒ ያንሳል።

ሁለቱም መተግበሪያዎች ዓይን የሚያታልሉበት ቦታ አለ። ጣት ሲንሸራተት አንዱ አክሲስ ተለጥጦ ሌላው ይቀራል። ያኔ ከፎከሱና ከዳይሬክትሪክሱ ያሉት ርቀቶች እኩል አይመስሉም፣ ተማሪውም ቀመሩን መጠራጠር ይጀምራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኤክስ² + ዋይ² = 9 ብላችሁ ክብ ሳሉ፤ እንቁላል ከመሰለ ገጹ ተዛብቷል። ከዚህ የረቀቀው ደግሞ «ሰፊ» እና «ጠባብ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ሁሉም ፓራቦላዎች ቅርጻቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው። ዋይ = ኤክስ²ን አራት እጥፍ አጉሉት፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሳይጎላ ከተሣለው ከዋይ = ኤክስ² ሲካፈል ለ4 አይለይም። ስለዚህ ሁለት ፓራቦላ ስታወዳድሩ አንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ስኬል ይሁን።

ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለሚፈተን ሰው ዴስሞስን ማወቅ ይጠቅመዋል። ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ ማለትም ከአሜሪካ ውጭ እ.ኤ.አ. ከ2023፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2024 ወዲህ፣ ዴስሞስ ፈተናው ውስጥ ተካቶ ነው የሚመጣው። ዋይ = −2ኤክስ² + 12ኤክስ − 10 ብላችሁ አስገብታችሁ ጫፉን ብትነኩ (3, 8) ብሎ ያሳያችኋል። ጥሩ ነው። ግን ዋይ = ኤክስ² − 40ኤክስ + 350 ብላችሁ ሞክሩ። ሲከፈት ያለው ገጽ ከ−10 እስከ 10 ገደማ ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ባዶ ነው። መተግበሪያው አልተበላሸም፣ ኩርባው እዚያ አካባቢ የለም፤ ኤክስ 10 ላይ እንኳ ዋይ 50 ነው። መጀመሪያ −ቢ ሲካፈል ለ2ኤ (ቢ ኤክስ ፊት ያለው ቁጥር፣ እዚህ −40 ነው) ብላችሁ 20ን አግኙ፣ ተክታችሁ ዋይ −50 መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ገጹን ወደዚያ ውሰዱት። የት እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ደቂቃውን ገጽ ሲያሳንስና ሲያሳድግ ይጨርሰዋል።

ወደ ሦስተኛው ሥራ እንምጣ፣ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር። የጂኦጀብራ ካስ ኮምፕሊት ስኩዌር የሚል ትዕዛዝ አለው። ኤክስ² − 4ኤክስ + 7 ስትሰጡት (ኤክስ − 2)² + 3 ብሎ ይመልሳል። መልሱን እንጂ መንገዱን አያሳይም። ዴስሞስ ይህንንም አያደርግ። ካልኩሌተር የማይፈቀድበት ፈተና ላይ ደግሞ የሚጠየቀው በትክክል ይህ ነው።

ዋይ² − 6ዋይ − 8ኤክስ + 1 = 0 እንውሰድ። ዋዮቹን በግራ አስቀሩ፣ ሌላውን አሻግሩ፦ ዋይ² − 6ዋይ = 8ኤክስ − 1። የ−6 ግማሽ −3፣ ስኩዌሩ 9፤ 9ን በሁለቱም ወገን ጨምሩ፦ (ዋይ − 3)² = 8ኤክስ + 8። በቀኝ 8ን አውጡ፦ (ዋይ − 3)² = 8(ኤክስ + 1)። አናቱ (−1, 3)፣ 4ፒ 8፣ ፒ 2፣ ወደ ቀኝ ይከፈታል፣ ፎከሱ (1, 3)፣ ዳይሬክትሪክሱ ኤክስ = −3። ለማረጋገጥ የላተስ ሬክተሙን አንድ ጫፍ (1, 7)ን መጀመሪያ ወደተሰጠው እኩልታ መልሱት፦ 49 − 42 − 8 + 1 = 0። ገጠመ።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። 9ን በግራ ጨምሮ በቀኝ መርሳት አንዱ፤ ያኔ አናቱ ከቦታው ይሸሻል። ሌላው የባሰው፣ ስኩዌሩ ፊት ቁጥር ሲኖር ነው፤ 2ዋይ² − 12ዋይ − 16ኤክስ + 2 = 0 ተሰጥቶት የ12ን ግማሽ 6 ብሎ 36 የሚጨምር ብዙ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ለ2 አካፍሉ፤ ከላይ የሠራነው እኩልታ ራሱ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሥራችሁን ለመፈተሽ የተሰጠውንም ያገኛችሁትንም እኩልታ ዴስሞስ ላይ በሁለት መስመር ጻፉ። ተደራርበው አንድ ኩርባ ከሆኑ ትክክል ናችሁ፤ ሁለት ከሆኑ የቱ ወዴት እንደሸሸ ስህተቱን ይጠቁማችኋል። በዚህ አጠቃቀም ዴስሞስ ምርጥ አራሚ ነው።

ስማርት ስልክ ለሌለውም መንገድ አለ። አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ ከታችኛው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሀል ላይ ነጥብ አድርጉ። ጠርዙ ላይ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ጣሉ። እያንዳንዱን ምልክት ነጥቡ ላይ አድርሳችሁ እጠፉና በጥፍር ጫን ብላችሁ ዘርጉት። ከሃያ እጥፋት በኋላ እጥፋቶቹ ፓራቦላውን ዙሪያውን እየነኩ ያወጡታል። እያንዳንዱ እጥፋት ከላይ ጂኦጀብራ ላይ የሣላችሁት ፐርፔንዲኩላር ባይሴክተር ነው።

ቀመሩን እውነተኛ ነገር ላይ መሞከር ለሚፈልግ ትልቁ ክብ የወንፊት ዲሽ ይመቻል። ስፋቱ 180፣ ጥልቀቱ መሀል ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አናቱን (0, 0) ላይ አድርጉ፤ የዲሹ ከንፈር (90, 30) ላይ ይውላል። 90² = 4ፒ × 30፣ ስለዚህ ፒ 67.5 ሳንቲ ሜትር፤ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ሆኖ የሳተላይቱን ሞገድ የሚቀበለው ዕቃ) መቀመጥ ያለበት እዚያ ርቀት ላይ ነው። ጥልቀቱን ስትለኩ ከከንፈር እስከ ከንፈር ክር ወጥራችሁ ከክሩ መሀል ወደ ታች ለኩ። 1 ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱና 29 ብትሉ ፒ ወደ 70 ገደማ ይሄዳል። ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያሉት ቆርቆሮ ዲሾች ላይ ግን አትሞክሩት፤ አብዛኞቹ ከትልቅ ፓራቦላ ከጎን የተቆረጡ ቁራጮች ናቸው። አናቱ ወደ ታችኛው ጠርዝ ስለሆነ መሀል ላይ የለካችሁት ጥልቀት ለዚህ ቀመር አይሆንም፤ የኤልኤንቢው ክንድ ከሥር የሚወጣውም ለዚህ ነው።